ፊደል የማይበላ አርታዒ፦ ለጽሑፍ ፕሮግራማችን የትኛውን የግቤት ማቆያ እንምረጥ?

ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር፣ ፔዳ በር አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ትሠራለች። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ በእጇ የማያልፍ የጽሑፍ ዓይነት የለም። አሮጌ ላፕቶፕዋ ትልልቆቹን ፕሮግራሞች መሸከም ስላቃተው ሊኑክስ ጫንኩላትና በቴርሚናል (ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት የትእዛዝ መስኮት) ውስጥ የሚሠራ ትንሽ የጽሑፍ አርታዒ በሲ ቋንቋ ጻፍኩላት። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሏት ሠራችበት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይህ ነገርህ ፊደል ይበላል።»

ሄጄ አየሁት። አንድ ተማሪ ስለ ጣና ገዳማት የጻፈውን ረቂቅ በቴሌግራም ልኮላት፣ እሷ ገልብጣ አርታዒው ላይ ለጥፋዋለች። ፊደሉ ዝናብ ካባራ በኋላ ከቆርቆሮ ጠርዝ እንደሚወርድ ጠፈጠፍ አንድ በአንድ ይንጠባጠባል። ተንጠባጥቦ ሲያበቃ ደግሞ «ዳጋ እስጢፋኖስ» ከሚለው ስም መካከል «ጢ» የለችም፤ በቦታዋ በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያሉ የጥያቄ ምልክቶች ቆመዋል። ከዚያ በታች ባለው ገጽ ላይም እንዲሁ ሌላ ፊደል ተበልቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአርታዒውን የግቤት ክፍል ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ። ይህ መመሪያ ከዚያ ሥራ የወጣ ነው። የራሳችሁን አርታዒ የምትጽፉ ወይም የሌላ ሰው አርታዒ ኮድ የምታሻሽሉ ከሆናችሁ፣ ካሉት አማራጮች የትኛው ለምን እንደሚሻል በአማርኛ ጽሑፍ መዝኜ አስቀምጬዋለሁ።

የግቤት ማቆያ ስል፣ ከኪቦርድ ወይም ከመለጠፍ የመጡ ባይቶች ፕሮግራሙ ተራ በተራ አንስቶ እስኪተረጉማቸው ድረስ የሚቆዩበትን የማህደረ ትውስታ ቦታ ማለቴ ነው። ፕሮግራመሮች ባፈር የምንለው ነው። የሰነዱ ጽሑፍ ራሱ የሚኖርበት ቦታ ሌላ ነገር ነው፤ ኢማክስ የተባለው አርታዒ ለዚያ ሲል መሃሉን ክፍት አድርጎ የሚይዘው አደራደር ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

ሦስት ባይት ያለው ፊደል

አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት መለኪያችንን እናስተካክል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) ያገኘው መደዳ ግን እነዚያን ቁጥሮች በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይፈልጋል። «ጣ» ማለት 225፣ 140፣ 163 ናት፤ «ና» ደግሞ 225፣ 138፣ 147። አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ሳይቀሩ ሦስት ሦስት ባይት ናቸው። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን አንድ ባይት ነው። ስለዚህ «ዳጋ እስጢፋኖስ» ለዓይን ስምንት ፊደል ሲሆን ለማቆያው 25 ባይት ነው።

በእጅ ሲጻፍም ነገሩ ቀላል አይደለም። አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች «ባ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ «ብ»ን ይልካሉ፤ አናባቢው ሲነካ የመሰረዣ ቁልፍ ይልኩና «ባ»ን ያስከትላሉ። ሦስት ባይት፣ ከዚያ 127 የሚባለው አንዱ የመሰረዣ ባይት፣ ከዚያ እንደገና ሦስት ባይት። ሰው አንድ ፊደል ጻፍኩ ሲል ማቆያው ሰባት ባይት ተቀብሏል። በእንግሊዝኛ ተሞክሮ «ይሠራል» የተባለ ኮድ እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚሰናከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ድሮም ነበረ፣ አንድ ባይት ባለው ፊደል ግን አይታይም።

በችርቻሮ ወይስ በጅምላ?

የመጀመሪያው ምርጫ ባይቶቹን ከሥርዓተ ክወናው እንዴት እንደምንቀበል ነው። በችርቻሮ ማንበብ ማለት ሪድ የሚባለውን ጥሪ ለእያንዳንዱ ባይት አንድ ጊዜ መጥራት ነው። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኪሎ የተባለ ትንሽ አርታዒ እንዲህ ያነባል። ኪሎ ከ1000 መስመር ባነሰ ኮድ አርታዒ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ግሩም መማሪያ ነው፤ እኔም የተማርኩት ከእሱ ነው። ለመማሪያ የሚሆነውን አካሄድ ሳልቀይር ለሥራ ማዋሌ ግን ስህተት ነበር።

ሒሳቡን እንሥራ። የእህቴ ረቂቅ ዓይነት 10,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ ክፍት ቦታውን ትተን 30,000 ባይት ነው። በችርቻሮ 30,000 ጊዜ ወደ ሥርዓተ ክወናው ደርሶ መመለስ ነው። በጅምላ፣ በአንድ ጥሪ እስከ 4096 ባይት ብንቀበል፣ ቢያንስ 8 ጥሪ ይበቃል። በእጁ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ፈጽሞ አይሰማም፤ ከጣቱ የሚፈጥን ኮምፒውተር የሌለው የለምና። ለለጠፈ ሰው ግን በአሮጌ ማሽን ላይ በግልጽ ይታያል።

ጅምላን የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። «4096 ብዬ ከጠየቅሁ እስኪሞላ ድረስ አይጠብቅም ወይ?» ይላሉ። አይጠብቅም። ቴርሚናሉ በጥሬ ሁኔታ ላይ (መስመር እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ባይቱን እንደመጣ የሚያቀብል) ሆኖ ቪሚን የሚባለው ቅንብር (ቢያንስ ስንት ባይት ይጠበቅ የሚለው) 1፣ ቪታይም (ምን ያህል ጊዜ ይጠበቅ የሚለው) 0 ከሆነ፣ ጥሪው አንድ ባይት እንደተገኘ ያለውን ይዞ ይመለሳል። ሦስት ባይት ብቻ ካለ ሦስት ይሰጣችኋል። ከ4096 በላይ መጠየቅም ብዙ ትርፍ የለውም፤ ሊኑክስ ለቴርሚናሉ የሚይዘው ማቆያ ራሱ 4096 ባይት ነው። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም፤ ጅምላን ምረጡ።

ከማቆያው ማውጣት

ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ ሦስት መንገድ አለው።

በመሥሪያ ቤት ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረፋ የጠበቀ ሰው የመጀመሪያውን ያውቀዋል። ከፊት ያለው ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ አንድ አንድ ቦታ ይጠጋል። አምስት ሰው ሲሆን ችግር የለውም። በኮድ ውስጥ ይህን የሚሠራው ሜምሙቭ ነው፤ የፊተኛው ባይት ሲወጣ የቀሩት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይገፋሉ። ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ቦታ ዜሮ ላይ ስለሆነ ኮዱን ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል። ጉዳቱ የለጠፉት ጽሑፍ ትልቅ ሲሆን ነው። ማቆያው ሙሉውን 30,000 ባይት እንዲይዝ ከተደረገ፣ አንድ በአንድ ሲወጡ የሚገፋው ባይት ጠቅላላ ድምር 449,985,000 ይሆናል። ጽሑፉ በአሥር እጥፍ ሲያድግ ግፊያው በመቶ እጥፍ ያድጋል። ዘመናዊ ማሽን ሜምሙቭን በጣም ስለሚያፈጥነው ጥፋቱ በትንንሽ ሙከራ ተደብቆ ይቆያል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው መጽሐፍ ሲለጥፍ ይወጣል።

ሁለተኛው መንገድ ማንንም ከቦታው አያስነሳም። የተቀመጠው እንደተቀመጠ ጸሐፊዋ ራሷ ወደሚቀጥለው ሰው ትራመዳለች። በኮድ ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ መያዝ ነው፦ ያልተነበበው የሚጀምርበት አመልካችና የሚያበቃበት አመልካች። ባይት ሲወጣ መነሻው በአንድ ይጨምራል፤ መነሻው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁለቱም ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ሌላ ምንም የለም። 30,000 ባይት ማለት 30,000 ጊዜ አንድ መደመር ነው።

ሦስተኛው ክብ ማቆያ ነው። ከ12 ቀጥሎ 1 እንደሚለው ሰዓት፣ የመጨረሻው ቦታ ሲሞላ መጻፉ ከመጀመሪያው ቦታ ይቀጥላል። መጠኑን 4096 ካደረጉት ቦታው በአንድ የቢት ስሌት ስለሚገኝ እጅግ ፈጣን ነው፤ ማህደረ ትውስታም አይጨምርም። ሊቃውንቱ የሚወዱት ስለሆነ እኔም መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ እሱ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ደክሜበታለሁ። የመለሰኝ አማርኛው ነው። የአንድ ፊደል የመጀመሪያ ባይት ቦታ 4095 ላይ አርፎ ቀሪዎቹ ሁለቱ ቦታ 0 እና 1 ላይ ሲወድቁ፣ ፊደሉ በአካል ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። ባይቶችን ወደ ፊደል የሚቀይሩት የሲ ፈንክሽኖች ባይቶቹን በተከታታይ ቦታ ላይ ይፈልጋሉ፤ በጠርዙ ላይ ያለውን ፊደል ለብቻው ወደ ሌላ ትንሽ ቦታ እየቀዱ መስጠት ግድ ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ መነሻውና መድረሻው እኩል ሲሆኑ ማቆያው ባዶ ይሁን ሙሉ መለየት አይቻልም፤ ወይ አንድ ቦታ ሳይሞሉ መተው ወይ ብዛቱን ለብቻው መቁጠር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ነገር መፍትሔ አለው፤ ግን እያንዳንዱ መፍትሔ ስህተት የሚገባበት አንድ ተጨማሪ በር ነው።

ክብ ማቆያ የግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። አንዱ ክር (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሥራዎች አንዱ) ከኪቦርድ እየተቀበለ ሌላው ክር የሚተረጉም ከሆነ፣ አንዱ መነሻውን ብቻ፣ ሌላው መድረሻውን ብቻ ስለሚነካ አንዱ ሌላውን ቆልፎ ሳያስጠብቅ ሊሠሩ ይችላሉ። ማህደረ ትውስታን እንደ ልብ መጠየቅ በማይቻልባቸው ጥቃቅን መሣሪያዎች ላይም ከእሱ የተሻለ የለም። አንድ ሰው ተቀምጦ በአንድ ኪቦርድ ለሚጽፍበት አርታዒ ግን እኔ ሁለተኛውን፣ ማለትም የሚራመደውን አመልካች፣ እመርጣለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እመክራለሁ።

«ጢ» የት ሄደች?

ጅምላ መቀበልና የሚራመድ አመልካች ፍጥነቱን ይፈታሉ፤ ለተበላው ፊደል ግን ብቻቸውን አይበቁም። እንዲያውም ጅምላው ካልተጠነቀቁበት አዲስ አደጋ ይፈጥራል። 4096ን ለሦስት አካፍሉት፤ 1365 ይደርሳል፣ አንድ ይተርፋል። ያለ ክፍት ቦታ የተጻፈ አማርኛ በአንድ ጥሪ በሚመጣ የ4096 ባይት ጥቅል ሲደርስ 1365 ፊደል ሙሉ ነው፤ የመጨረሻው ባይት ግን የ1366ኛው ፊደል መነሻ የሆነው 225 ብቻውን ነው። ቀሪ ሁለት ወንድሞቹ በሚቀጥለው ጥቅል ነው የሚመጡት። ኮዱ «ይህ ትርጉም የለውም» ብሎ የጥያቄ ምልክት ካወጣ፣ ከዚያ የሚመጡት ሁለቱም መነሻ የሌላቸው ስለሚሆኑ እነሱም የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። እህቴ ያየችው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ኮዴ በችርቻሮ እያነበበም ከአንድ ባይት ወደ ሌላው ሲሄድ ጊዜ ካለፈ ፊደሉን አቋርጦ ይጥል ነበር።

ደግነቱ ዩቲኤፍ-8 ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲነድፉት እያንዳንዱ ባይት መነሻ ይሁን ተከታይ ራሱን እንዲናገር አድርገው ነው የሠሩት። ከ224 እስከ 239 ያለ መነሻ «ከኔ በኋላ ሁለት አሉ» ይላል፤ ከ128 እስከ 191 ያለው ደግሞ «እኔ ተከታይ ነኝ» ይላል። ስለዚህ አመልካቹ 225 ላይ ደርሶ ከኋላው ሁለት ባይት ካላገኘ መወሰን የለበትም፤ መጠበቅ አለበት። የቀረውን አንድ ወይም ሁለት ባይት ወደ ማቆያው መጀመሪያ ስቦ አዲሱን ጥቅል ከኋላው ያስከትላል። እዚህ ላይ ሜምሙቭ በክብር ይመለሳል፤ የሚገፋው ግን በየባይቱ ሳይሆን በየጥቅሉ ነው። በ30,000 ባይት ውስጥ ጥቅሉ 8 ከሆነ መጋጠሚያው 7 ነው፣ በእያንዳንዱ ቢበዛ ሁለት ባይት፤ 14 ባይት። ከ449,985,000 ጋር አስተያዩት።

አንዳንዶች ባይቶቹን እንደገቡ ወደ ፊደል ቀይረው ማቆያው ውስጥ ሙሉ ፊደል ብቻ ያስቀምጣሉ። እሱም ያስኬዳል። እኔ ባይቱን እንዳለ ማቆየት የመረጥኩት የቀስት ቁልፎችና የመለጠፍ ምልክቶችም በዚያው መስመር በባይት ስለሚመጡ ነው።

ስክሪኑን መቼ እንሣል?

ስለ ማቆያ እያወራን ወደ ስክሪን የሄድኩት በምክንያት ነው። ጠፈጠፉን በዋናነት ያመጣው ሪዱም ሜምሙቩም አልነበረም። አርታዒው ከእያንዳንዱ ፊደል በኋላ ስክሪኑን በሙሉ ደግሞ ይሥል ነበር። 24 መስመር በ80 ዓምድ ማለት 1920 ቦታ ነው፤ በ10,000 ፊደል ሲባዛ 19,200,000 ቦታ መሣል ይሆናል፤ ማንም ሊያየው ለማይችለው ሥዕል ሁሉ።

መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ማቆያው ውስጥ ያልተነበበ ባይት ካለ አትሣሉ፤ ሲያልቅ ሣሉ። በጅምላ የሚቀበል ፕሮግራም ሁለቱን አመልካቾች አስተያይቶ ወዲያው ይህን ያውቃል። በችርቻሮ የሚቀበል ግን ከኋላ ሌላ ባይት መኖሩን ለማወቅ ሥርዓተ ክወናውን ደግሞ መጠየቅ አለበት። ጅምላን እንድትመርጡ የምለው ከጥሪው ቁጥር ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፉ በጣም ረጅም ሲሆን ከእያንዳንዱ ጥቅል በኋላ አንድ ጊዜ ይሣላል፤ ለጣፊው ሥራው እየሄደ መሆኑን ያያል።

ስለ ኢስኬፕ ባጭሩ

ወደ ላይ የሚያሳየው ቀስት ሲነካ ሦስት ባይት ይመጣል፦ 27፣ 91፣ 65። ኢስኬፕ ቁልፍ ብቻውን ሲነካ ደግሞ 27 ብቻ ይመጣል። 27 ደርሶ ማቆያው ባዶ ከሆነ ምን ያህል እንጠብቅ? ኤንከርስስ የሚባለው ላይብረሪ ካልተነገረው በቀር 1000 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ኢስኬፕን ደጋግሞ ለሚጠቀም ሰው ይህ የሚያሰለች ነው። ሰውየው በፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበቃል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ባይቶቹ ተለያይተው ሊደርሱ ስለሚችሉ ጨመር አድርጉለት። ይህ የጊዜ ገደብ ግን ለ27 ብቻ ይሁን፤ ለ225 ፈጽሞ አትጠቀሙበት። የእኔ ኮድ «ጢ»ን የበላው ሁለቱን በአንድ ሕግ ስላስተዳደረ ነው።

መለጠፍን ከመጻፍ ለመለየት ደግሞ ቴርሚናሉ የለጠፉትን በምልክት እንዲያጥር መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የለጠፉት ሁሉ ኢስኬፕ [200~ ከሚል መክፈቻና ኢስኬፕ [201~ ከሚል መዝጊያ መካከል ይመጣል። በመካከሉ ያለውን አርታዒው እንደ ትእዛዝ አይተረጉመውም፤ መስመር ሲቀየርም በራሱ ገባ አያደርግም። የተለጠፈ የአቤቱታ አንቀጽ እየወረደ በሄደ ቁጥር ወደ ቀኝ እየሸሸ ሲሄድ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አርታዒያችሁ ያነሳውን ባይት መልሶ ማስቀመጥ ካስፈለገው፣ ለምሳሌ አንድ ቁልፍ የሌሎች ቁልፎች ድርድር ሲወክል፣ ክብ ማቆያ በቀላሉ ይመልሳል። የሚራመደው አመልካች ግን ቦታ ዜሮ ላይ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄድበት የለውም። እኔ ማቆያውን ከዜሮ ሳይሆን ከ64ኛው ቦታ ስለማስጀምረው ለመመለሻ የሚሆን ባዶ ቦታ ሁልጊዜ ከፊቱ አለ።

መሞከሪያ

የመረጣችሁትን ከሠራችሁ በኋላ የጥቅሉን መጠን በኮዱ ውስጥ የሚቀየር ቁጥር አድርጉት፤ ለሙከራ ከ4096 ወደ 1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 7 አውርዱት። በ4 ሲሆን ያለ ክፍት ቦታ በተጻፈ አማርኛ የፊደል መከፈል ከሦስት የጥቅል ጠርዞች በሁለቱ ላይ ስለሚደርስ የተደበቀ ስህተት ካለ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይጮኻል። ከዚያ ወደ 4096 መልሱትና አንድ ረጅም አማርኛ ያለ ክፍት ቦታ አዘጋጁ፤ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ከፊቱ አንድ ክፍት ቦታ ጨምራችሁ፣ አንድ ጊዜ ሁለት ጨምራችሁ ስጡት። በመጀመሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ባይት ይተርፋል፣ በሁለተኛው ምንም አይተርፍም፣ በሦስተኛው ሁለት ይተርፋል። የገባውን ፋይልና የተቀመጠውን ፋይል ባይት በባይት አመሳክሩ። የጥሪውን ቁጥር ለማየት ስትሬስን ተጠቀሙ፤ ሪድ ስንት ጊዜ እንደተጠራ በሰንጠረዥ ያወጣላችኋል።

የእኔ መሞከሪያ ፋይል «ዳጋእስጢፋኖስክብራንገብርኤልኡራኪዳነምሕረት» እያለ ያለ ክፍት ቦታ ይሄዳል። እህቴ አንድ ቀን በትከሻዬ በኩል አይታው ስህተት መሰላትና ልታርመው ጣቷን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋች። ተዪው አልኳት፤ ከዚያ የተማሪውን ረቂቅ ሙሉውን ለጥፋ «ጢ»ን ራሷ ፈለገቻት።